የከሰዓቱ ዓሣ

ዓሣ ቤት የከፈትኩት ዓሣ ስለምወድ አይደለም። ሽታው እስከ ዛሬ አይስማማኝም። የከፈትኩት ልጄ ፓስፖርት አውጥታ ስለመጣች ነው።

አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ለሚኖር ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። በየግቢው አንዷ ጅዳ ናት፣ አንዷ ቤሩት፣ አንዷ ዱባይ። አንዳንዷ ለእናቷ ቤት ሠርታ ትመለሳለች፣ አንዳንዷ ስልኳ አይነሳም። ልጄ ከኮሌጅ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ስትፈልግ ሰለቻትና፣ አንድ ቀን ፓስፖርቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ አንዳችን ያሰብነውን ሌላችን ሳይነገረን እናውቃለን። ሲነጋ፣ እዚሁ የሆነ ነገር እንሥራ አልኳት። ምን እንሥራ? አለችኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀው ድስት መጣድ ነው። ምግብ ቤት እንክፈት አልኳት፤ የዓሣ።

ዓሣ ያልኩት አስቤበት ነው። እኛ ዘንድ ሥጋ የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ ተለይቷል። አንዱ ያረደውን ሌላው አይቀምሰውም። ዓሣ ግን አይታረድም፣ ቢላ ሲያርፍበትም የማንም ስም አይጠራበትም። አንገቴ ላይ ማተብ አስሬ የጠበስኩትን ዓሣ ከመስጊድ የወጣውም ከቤተ ክርስቲያን የወጣውም አንድ ጠረጴዛ ከብቦ ይበላዋል። የሌላው ምግብ ቤት ደንበኛ ግማሽ ከተማ ከሆነ የእኔ ሙሉ ከተማ ይሆናል ብዬ ነው። በሁዳዴም ዓሣ ይበላል የሚል አለ፣ አይበላም የሚል አለ። እኔ አልበላም። በሚበላው ግን አልፈርድም፤ ጠብሼ አቀርብለታለሁ።

ልጄ ሐሳቡን ወደደችው። ፓስፖርቱን ግን አልጣለችውም፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከልብሷ ሥር አኖረችው። ቤቱ ሁለታችንን ካኖረን አልሄድም፣ ካላኖረን ግን እንዳታስቀሪኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። የጨነቃት እናት እሺ የማትለው ነገር የለም።

አዳማ ሐይቅ የላትም። ዓሣው የሚመጣልን ከባቱ ነው፤ እኛ የድሮዎቹ አሁንም ዝዋይ እንላታለን። እዚያ ሐይቁ ዳር ከአጥማጆች እየተረከበ ወደ ከተማ የሚልክ ሰውዬ ሰው አገናኘን። አማርኛው ኦሮምኛ ኦሮምኛ የሚል፣ ጨዋ ሰው ነው፤ እኔን አክብሮ "አዴ" ይለኛል። አሠራራችን እንዲህ ነበር። ጠዋት በማለዳ ዓሣው ከጀልባ ይወርዳል፣ ሰውዬው ሳጥን ውስጥ በበረዶ ይደረድረዋል፣ ወደ አዳማ ለሚነሳው የመጀመሪያው ሚኒባስ ያስጭነዋል፣ ታርጋውን በስልክ ይነግረናል። እኛ መናኸሪያ ቆመን እንቀበላለን። ሹፌሩ ለምዶን ነበር። ሳጥኑ ሲያንጠባጥብና ተሳፋሪው ሲያጉረመርም፣ "ተዉት፣ እሱም ከፍሎ ነው የተሳፈረው" እያለ ያስቅልናል። ቅርፊቱን ፍቀን፣ አጥበን፣ ዳጣውን ፈጭተን፣ ሎሚውን ቆርጠን ስንጨርስ የምሳ ሰዓት ይደርሳል። ለማግስቱ የሚተርፍ አናስመጣም። ፍሪዘር ግዙ ያሉን ነበሩ፤ መብራቱ በመጣና በሄደ ቁጥር ማን ከዓሣው ጋር ይጨነቃል ብዬ እምቢ አልኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን አሠራር የወደድኩት ከቤቴ ማንም መንገድ ስለማይወጣ ነው። እኔ ፈሪ ነኝ። ሰው ሲያስነጥስ ልቤ የሚሸሽ ፈሪ። ያንን መንገድ ደግሞ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከሞጆ አልፎ ወደ መቂ ሲኬድ አንድ ቀን ሰላም ነው ይባላል፣ አንድ ቀን ተዘጋ ይባላል፣ አንድ ቀን ደግሞ እገሌን ከመኪና አወረዱት ተብሎ ቤተሰቡ ስልክ ታቅፎ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ግን ሹፌሮቹ ራሳቸው ጨዋታ ይቀንሳሉ። ዓሣ ተገኘ አልተገኘ ብሎ ልጁን እዚያ መንገድ ላይ የሚያወጣ ወላጅ የለም። ያኔ እንዲህ ነበር የማስበው፤ አሁንም የማስበው እንዲሁ ነው።

ቤቱ ያዘልን። ልጄ እንደዚያ ስትስቅ ከልጅነቷ ወዲህ አይቻት አላውቅም። ደንበኛ ሲገባ ዓሣውን በሳህን ይዛ ትወጣለች፣ ጉንጩን ገልጣ ውስጡን ቀዩን ታሳያለች። "አባባ ይዩት፣ ገና መሞቱን አልሰማም" ትላቸዋለች። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ከድሬዳዋ መስመር ሲመለስ እኛ ዘንድ ሳይበላ የማያልፍ። ሌላ ደግሞ በስተርጅና ጡረታ የወጡ ዲያቆን፣ ረቡዕና ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚመጡ። የሰዓታቸው አለመግጠም ሆኖ ሳይገናኙ ከርመው አንድ ቅዳሜ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሹፌሩ ዳጣውን በማንኪያ ሲዝቀው ዲያቆኑ ያዩና፣ አንተ ልጅ፣ ዓሣው የቀረበልህ ዳጣውን ልታጸዳበት ነው ወይ? ይሉታል። ከዚያ ቀን በኋላ ሳይጠባበቁ አይበሉም። እኔ ከምድጃው ጀርባ ሆኜ ይሄን እያየሁ፣ ያ ፓስፖርት ከልብሱ ሥር እንዳለ ጊዜው አልፎበት ይቀራል እል ነበር።

ከዚያ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ።

ከመግባታቸው በፊት ደስ ብሎኝ ነበር። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ዓሣ ይፈለጋል፣ ማፍጠሪያም ላይ ዓሣ ይወደዳል፣ ሁለት ገበያ ባንድ ጊዜ መጣልን ብዬ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ጎረቤቴ ደጃፋችን ላይ ሳምቡሳ የምትጠብስ እስላም ሴት ናት፤ ደርባባ፣ ነገር የማያመልጣት። እሷም ደስ አላት፤ ረመዳንን አብረን እንሥራ ተባባልን። ሁለታችንም አንድ ነገር አላሰብንም። እስላሙ ቀን አይበላም። ክርስቲያኑም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበላም። ሙሉ ከተማ ደንበኛዬ ነው ያልኩት ሙሉ ከተማው ምሳ ሰዓት ላይ ባንድ ቀን ቀረ።

ዓሣው ግን ጠዋት ይመጣል። የአዳማን የመጋቢት ሙቀት የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፤ ቆርቆሮው ሥር በረዶ ውኃ ለመሆን ቡና የሚፈላበትን ጊዜ ያህል አይፈጅበትም። በረዶ እየጨመርን፣ የማዳበሪያ ጆንያ እያራስን እናለብሰዋለን። የማፍጠሪያው ሰዓት ሲደርስ የዓሣው ዓይን ጉም ይለብሳል። አልተበላሸም፣ ሰው አያምም፤ ግን በጣት ሲጫኑት ሥጋው አይመለስም። ዓሣ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያውቃል። ያ የጭነት ሹፌር በመጀመሪያው ሳምንት መጥቶ አንድ ጉርሻ ጎረሰና ሳህኑን ቀስ አድርጎ ገፋው። "እማማ፣ ይሄ ዓሣ ከእኛ ጋር ጾሞ ነው የዋለው" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄም ሳቀች። ጓዳ ገብታ ግን ፊቷን ስትታጠብ ቆየች።

የቻልኩትን ሞከርኩ። ቆቃ ቅርብ ነው ብዬ ከዚያ አስመጣሁ። በዚያ ሰሞን የተገኘው አምባዛ ብቻ ሆነ፤ አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ቅርፊት የሌለውን ደግሞ ክርስቲያኑ አይነካም። ዲያቆኑ አይተውት አማተቡ። ትንሽ ዓሣ አስመጥቼ ሹሮ ጨመርኩ፤ ሹሮ በየቤቱ አለ፣ ማን ብሎ እኔ ዘንድ ይመጣል።

ልጄ ነገሩን አስባ ጨርሳ ነበር የመጣችው። ባቱ ላለው ሰውዬ ደውላ፣ እኩለ ቀን ላይ መረብ የሚያወጡ አጥማጆች እንዳሉ ጠይቃለች። አሉ። ያንን ዓሣ ከሰዓት በሚመጣ መኪና ብናስጭነው ለማፍጠሪያ ትኩስ ይደርሳል። ችግሩ መኪናው ነው። የእኛ ሹፌር የሚሠራው ጠዋት ብቻ ነው። የከሰዓቶቹ ሹፌሮች ደግሞ፣ ባለቤቱ አብሮት ያልተሳፈረ፣ የሚያንጠባጥብ ሳጥን አንጭንም ብለዋል። ስለዚህ እኔ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ዓሣዬን መርጬ ከሳጥኑ ጋር ከሰዓት እመጣለሁ አለችኝ፤ እንደ ቀላል ነገር።

እምቢ አልኩ። ሁለት ቀን አኩርፋ ዋለች። ከዚያ ጎረቤቴ ገባችበት። ሌላው ሰው ሁሉ ይሄዳል ይመጣል፣ የአንቺ ልጅ ብቻ ናት እንዴ ሥጋ የለበሰችው? አለችኝ። ቤቱም ባዶ ነበር። እሺ አልኩ፤ ስትሄጂ ደውዪ፣ ስትሳፈሪ ደውዪ፣ መቂ ደውዪ፣ ዓለም ጤና ደውዪ፣ ሞጆ ደውዪ ብዬ። እሷም፣ እማ፣ ዓሣ ላምጣ ወይስ ስልክ ስደውል ልዋል? ብላ አሾፈችብኝ።

ያ ሰሞን ቤቱ እንደገና ሞላ። እውነቱን መደበቅ አልችልም። የከሰዓቱ ዓሣ ሲመጣ ዓይኑ ያበራል፣ ዘይት ሲነካው ጠርዙ ይጠቀለላል። ዲያቆኑ ከቅዳሴ በቀጥታ ይመጣሉ። አዛን ሲል ጎረቤቴ ቴምሩንና ሳምቡሳውን ታዞራለች፣ ከኋላዋ የእኔ ዓሣ ይከተላል። ሰው ወንበር አጥቶ ቆሞ ይጠብቃል። ልጄ ፀሐይ አክስሏት፣ ቀሚሷ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ በየጠረጴዛው ስትሯሯጥ አያታለሁ፤ እንደዚያ አምራ አታውቅም።

እኔ ግን ሞቼ ነበር የምውለው። ከሄደችበት ሰዓት ጀምሮ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም። ጾም ነው እላለሁ እንጂ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም አይወርድም። ሽንኩርት አሳርራለሁ። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ቢላዬን ይዤ እወጣለሁ። ለገብርኤል ስለት የተሳልኩትን ብቆጥር ዕድሜዬ ከፍሎ አይጨርሰውም።

አንድ ቀን ስትሳፈር ደወለች፤ መቂ አልደወለችም። ደወልኩ፤ ስልኩ፣ የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን አይገኙም አለኝ። ሞጆ መድረስ በነበረባት ሰዓት ደወልኩ፤ ያው። ባቱ ላለው ሰውዬ ደወልኩ። ተሳፍራለች አዴ፣ እኔ ራሴ ነኝ የጫንኳት አለኝ፤ ድምፁ ግን ልክ አልነበረም። መናኸሪያ ሄጄ ሹፌሮቹን ጠየቅሁ። መቂ ጋ ተዘግቷል ይላሉ አሉኝ። ማን ዘጋው? አልኩ። አንደኛው ትከሻውን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ። ደጃፉ ላይ መሬት ተቀምጬ፣ የቀረበልኝን ውኃ በእጄ ይዤ ሳልጠጣው፣ አስፋልቱን ብቻ ሳይ ነበር አሉ። አዛን አለ። ሰው መጣ። ዓሣ የለም ተባለ፣ ሰው ሄደ። ዲያቆኑ ብቻ አልሄዱም፤ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

ከመሸ በኋላ ባጃጅ መጣ። ልጄ ከነሳጥኑ ወረደች። ቀሚሷ በበረዶ ውኃ በስብሶ እግሯ ላይ ተጣብቋል። ደህና ናት። መንገዱ ተዘግቶ ከመኪና ወርደው ፀሐይ ላይ ሲጠብቁ ውለዋል። ስልኳን ለአንዲት ነፍሰ ጡር አውሳት ባትሪው አልቋል። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አውልቀው ለሳጥኑ ጥላ አደረጉለት፤ ለእኔ ሳይሆን ለዓሣው እኮ ነው እማ! እያለች ትስቃለች። ክዳኑን ስንከፍተው ሽታው ወጣ። ሁለታችን ይዘን ሄደን ደፋነው።

ስንመለስ እጇን እየታጠበች፣ ነገ ቀደም ብዬ እነሳለሁ አለችኝ።

"ነገ የለም" አልኳት።

"እማ፣ ምንም አልሆንኩም እኮ።"

"እስክትሆኚ ልጠብቅ?"

"መንገድ ፈርተሽ ቤቱን ልትዘጊው ነው?"

"ይዘጋ።"

"ከተዘጋ እኔ የት እንደምሄድ ታውቂያለሽ።"

ጎረቤቴ፣ ኧረ በአላህ፣ ዛሬን ተዉት ብላ መሀላችን ገባች። እኔ ግን አውቅ ነበር፤ ልጄም እንደማውቅ ታውቃለች። ብዙ ሰው በኋላ፣ መቂን ፈርተሽ ጅዳ ሰደድሻት ይለኛል። ሰው በማግስቱ ዐዋቂ ነው። እኔ ያን ምሽት ያየሁት መቂን ነው። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ አቧራው ይታየኛል፣ ልጄ ከመኪና ስትወርድ ይታየኛል። ጅዳን አይቼው አላውቅም። ያላዩት አገር ያዩትን መንገድ ያህል አያስፈራም።

ወደ ጠዋቱ ዓሣ ተመለስን። ደንበኛው አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ ቀነሰ። የጭነት ሹፌሩ መጥቶ ሻይ ብቻ ይጠጣል፤ ስለ ዓሣው አያነሳም፣ ከመሳቁ ይልቅ ዝምታው አመመኝ። ጎረቤቴ እንኳ ይሉኝታ ይዟት እንጂ ምድጃዋን ወደ መስጊዱ በር ማዛወር እንደፈለገች ይገባኝ ነበር። ልጄ እንደ ድሮው ታገለግላለች። ዓሣውን በሳህን ይዛ ግን አትወጣም። ጉንጩን ገልጣ የምታሳየው ነገር የለም።

ዒድም አለፈ፣ ፋሲካም መጣ። በፋሲካ ዓሣ ማን ይፈልጋል፤ ሁሉም ዶሮና በግ ላይ ነው። ቤቱን ለበዓሉ ዘጋነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ልከፍት ስነሳ ልጄ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ልብሷን ስታጥፍ አገኘኋት። ሁሉንም አላጠፈችም። ረጃጅሞቹን ብቻ መርጣለች። አልጮህኩም። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት አጠፍኩ። እንዳላስቀራት እሺ ብያለሁ።

የሄደች ቀን መናኸሪያ አደረስኳት። አዲስ አበባ ድረስ ልምጣ ብላት፣ ከቦሌ ብቻሽን ስትመለሺ አስቤሽ መብረር አልችልም ብላ ከለከለችኝ። መኪና ስንጠብቅ ያ የጠዋት ሹፌራችን አየን። ሻንጣዋን ተቀበላትና፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው፣ ዓሣችሁ አዲስ አበባ ገባ እንዴ? አለ። አላወቀም ነበር። ልጄ ሳቀችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። የባቱው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ ይላክልሽ፣ ብዙ አታስመጪ፣ ለብቻሽ አትችይውም አለችኝ። ስለ ሌላ ነገር አላወራንም። መኪናው ሲነሳ እጇን በመስኮት አላወጣችም፤ ረዳቱ በሩን ዘጋና ሄዱ።

አሁን የምትደውለው ዓርብ ዓርብ ነው፤ እመቤቷ ከፈቀደች። አንዳንዴ ዓርብ ይመጣና ስልኩ ዝም ይላል። ያን ጊዜ እንደ ድሮው ደጃፍ እወጣለሁ፤ የማየው መንገድ ግን የለኝም። ሹፌር አልጠይቅ፣ መናኸሪያ አልሄድ። ሰማይ አይጠየቅ።

በቀደም ስትደውል ምን እየሠራሽ ነው አልኳት። ማፍጠሪያ እያዘጋጀሁ ነው አለች። ዓሣ ይወዳሉ፣ እኔ ነኝ የምጠብስላቸው።

"ትኩስ ነው?" አልኳት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

"ከፍሪዘር ነው እማ። መቼ እንደተያዘ እንኳ አላውቅም።"

ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ከኋላዋ ሴትዮዋ ስትጠራት ሰማሁ፤ ልጄ በዐረብኛ መለሰች። ድምፅዋን አላወቅሁትም። ስልኩ ተዘጋ።

ዘንድሮም ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ ገብተዋል። ትናንት የባቱው ሰውዬ ደወለ። ከሰላምታ በኋላ፣ አዴ፣ ማፍጠሪያው ደርሷል፣ የእኩለ ቀኑ ዓሣ ዘንድሮ ግሩም ነው፣ በከሰዓቱ መኪና ላርግልሽ? አለኝ። ደንበኞቼም ጠይቀውኛል። ዲያቆኑም ጠይቀውኛል። ጥሩ ነው እላለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

"ከሳጥኑ ጋር የሚመጣ ሰው አለሽ?" አለኝ።

ቤቱን ዞሬ አየሁት። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል።

"የጠዋቱን ላክልኝ" አልኩት። "ትንሽ አርገው።"